ካርቱኑ ሥጋ ሲለብስ

በዚህ ዕትም የጥያቄና መልስ ዐምዳችን በአንድ ጉዳይ ላይ፣ ማለትም ካርቱን በሰው ተዋንያን ወይም እውነተኛ በሚመስል ምስል እንደገና ሲሠራ ስለሚሆነው ነገር፣ የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች አንድ ላይ እናስተናግዳለን። ደብዳቤዎቹ ለቦታ ሲባል አጥረዋል፤ በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ11 ዓመት ልጄ «አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር» የተሰኘውን ተከታታይ ካርቱን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አይታዋለች፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ እያልኩ ሳላስበው ወድጄዋለሁ። ባለፈው ወር በሰዎች የተተወነውን የ2010 ፊልም አገኘሁና ፈንዲሻ አዘጋጅተን አብረን ማየት ጀመርን። ገና ግማሹ ሳይደርስ «አባዬ፣ ይሄ እኮ እሱ አይደለም» ብላ ተነሥታ ሄደች። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ፊልም ከሥዕል እንዴት ሊያንስ ቻለ? በ2024 የወጣው አዲሱስ ይሻል ይሆን? (ከገርጂ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ልጅዎ በአንድ ዐረፍተ ነገር የቋጨችውን፣ ፊልሙ በወጣ ሰሞን ሐያስያን በብዙ ገጽ ጽፈውታል። ኤም ናይት ሺያማላን ያዘጋጀው ይህ ፊልም 150 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከሲኒማ ቤቶች 319 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቢያስገባም፣ በየዓመቱ ደካማ ፊልሞችን እየመረጠ የሚሳለቀው የራዚ ሽልማት «የዓመቱ እጅግ መጥፎ ፊልም» የሚለውን ጨምሮ አምስት ሽልማቶችን አሸክሞታል። ስለዚህ የጎደለው ገንዘብ አልነበረም።

አንደኛው ምክንያት ተራ ሒሳብ ነው። የካርቱኑ የመጀመሪያ ምዕራፍ እያንዳንዳቸው 23 ደቂቃ ገደማ የሚረዝሙ 20 ክፍሎች አሉት፤ ሲደመር ከሰባት ሰዓት ተኩል በላይ ይሆናል። ፊልሙ ይህን ሁሉ በ103 ደቂቃ ሊተርክ ሞከረ። እንዲህ ያለ መጭመቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጣለው ለታሪኩ ጉዞ አያስፈልግም የሚባለው ነገር ነው፤ ቀልዱ፣ መንገድ ላይ መዘግየቱ፣ የልጆቹ እርስ በርስ መነታረክ። ነገር ግን የካርቱኑ ጀግና ዓለምን የማዳን ሸክም የወደቀበት የ12 ዓመት ልጅ ነው፤ መቶ ዓመት ከተኛበት የበረዶ ቋጥኝ ወጥቶ ዐይኑን ሲገልጥ፣ ያገኛትን ልጅ የሚጠይቃት በፔንግዊን ጀርባ ላይ ተቀምጠው በበረዶው ላይ እንዲንሸራተቱ ነው። ተመልካቹ የሚወደው በዚህ ጨዋታው ነው፤ ኋላ ሲያዝን አብሮት የሚያዝነውም ቀድሞ አብሮት ስለሣቀ ነው። ፊልሙ ለዚህ ጊዜ ስላጣ ድርጊቱ ብቻውን ቀረ፤ ለድርጊቱም ጊዜ ስላልበቃ ገጸ ባሕርያቱ የሆነውን ነገር ቆመው እየተነጋገሩ ያስረዱናል።

ሁለተኛውና እኔ ዋናው የምለው ምክንያት ግን አስማቱ የሚሠራበት ሕግ መፍረሱ ነው። በዚህ ታሪክ ዓለም አንዳንድ ሰዎች ውኃን፣ መሬትን፣ እሳትንና ነፋስን በአካላቸው እንቅስቃሴ ያዝዛሉ። (የአብነት ትምህርት የቀመሰ አንባቢ «አራቱ ባሕርያተ ሥጋ» ብሎ የተማራቸው እነዚሁ አራቱ ናቸውና ነገሩ ለእኛ አገር ጆሮ እንግዳ አይሆንም።) የካርቱኑ ፈጣሪዎች ማይክል ዳንቴ ዲማርቲኖና ብራያን ኮኒትዝኮ እንቅስቃሴውን እንዲያው በዘፈቀደ አልሣሉትም፤ ሲፉ ኪሱ የተባለውን የማርሻል አርት መምህር አማካሪ አድርገው፣ ለእያንዳንዱ ባሕርይ የሚስማማ የቻይና የፍልሚያ ስልት መደቡለት። ለውኃ እንደ ማዕበል የሚመላለሰው ታይ ቺ፣ ለመሬት እግሩን ተክሎ የሚቆመው ሁንግ ጋ፣ ለእሳት ወደ ፊት እየገፋ የሚያጠቃው የሰሜኑ ሻዎሊን፣ ለነፋስ በክብ እየዞረ የሚያመልጠው ባጓ ዣንግ ተመረጠ። ልጅዎ የስልቶቹን ስም አታውቅ ይሆናል፤ ዐይኗ ግን ሕጉን ለምዶታል። እግር መሬቱን ሲመታ ቋጥኙ በዚያው ቅጽበት ይነሣል፤ ክንድ ሲወረወር ነበልባሉ አብሮ ይወጣል። እንቅስቃሴውና ውጤቱ እንደ ከበሮና ጭብጨባ እኩል ይወድቃሉ።

በፊልሙ ይህ ዝምድና ተቆረጠ። ተዋንያኑ ረጅም የእጅና የእግር እንቅስቃሴ ያሳያሉ፤ ውጤቱ ግን ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም ያንሳል። ተመልካቾች እስከ ዛሬ የሚሥቁበት አንድ ትዕይንት አለ፤ ጎልማሶች ተሰልፈው መሬቱን እየረገጡ ጭፈራ የሚመስል ነገር ካሳዩ በኋላ፣ አንድ ድንጋይ ብቻውን በአየር ላይ ዝግ ብሎ ያልፋል። በካርቱኑ ይህን አንድ ሰው በአንድ ቡጢ ይሠራው ነበር። የኮምፒውተሩ ምስል ጥራት አልጎደለውም፤ ድንጋዩ ድንጋይ ይመስላል። የጎደለው ድንጋዩ ለምን እንደተንቀሳቀሰ ለዐይናችን የሚነግረው የአካል ምት ነው።

ትዕይንቱ የሚገኝበት የእስር ታሪክ ደግሞ የባሰ ነው። በካርቱኑ መሬትን የሚያዝዙት ሰዎች የታሰሩት በባሕር ላይ በቆመ የብረት መድረክ ላይ ነው፤ አፈር የሚባል ነገር አጠገባቸው ስለሌለ ኃይላቸው ከንቱ ሆኗል። በፊልሙ ግን በአፈርና በድንጋይ መካከል ታስረው ይቀመጣሉ፤ ጀግናው መጥቶ መሬቱ በዙሪያቸው እንዳለ እስኪያስታውሳቸው ድረስም ትዝ ያለው የለም። እሳትን በተመለከተም እንዲሁ ነው። በካርቱኑ እሳት አዛዦቹ ነበልባሉን ከራሳቸው ሲያወጡ፣ በፊልሙ አብዛኞቹ አስቀድሞ የነደደ እሳት ካላገኙ ምንም ማድረግ አይችሉም። ዓለምን መቶ ዓመት ያስጨነቀው ሠራዊት ችቦውን ቀድሞ ያጠፋበት ሰው ካገኘ አለቀለት ማለት ነው።

የተዋንያን ምርጫውም ብዙ ቁጣ አስነሥቷል። የካርቱኑ ሕዝቦች ከእስያና በሰሜን ዋልታ አካባቢ ከሚኖሩት ከኢኑይት ሕዝቦች ባህል የተቀዱ ሆነው ሳለ፣ ፊልሙ ሦስቱን ዋና ዋና ጀግኖች ለነጭ ወጣቶች ሰጥቶ ወራሪዎቹን በአብዛኛው በደቡብ እስያ ተወላጆች አስተወነ። የልጁ ስም እንኳ ከ«ኤንግ» ወደ «ኦንግ» ተለውጦ ሲጠራ፣ ሕፃናት ተመልካቾች ስክሪኑን እንዲያርሙ ተገደዱ።

የ2024ቱ የኔትፍሊክስ ተከታታይ ከእነዚህ ስሕተቶች ብዙ ተምሯል። ተዋንያኑ የእስያና የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተወላጆች ናቸው፤ ቡጢና ነበልባልም ታርቀዋል፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በስምንት ረጃጅም ክፍሎች ስለሚተርክም ትንፋሽ አለው። ይሁንና ሁለቱ ፈጣሪዎች በአሠራሩ ባለመስማማት በ2020 ከሥራው ወጥተዋል፤ እኔም አንድ ቅሬታ አለኝ። በካርቱኑ ልጁ ኃላፊነቱን ፈርቶ ሸሽቶ ነበር፤ እርሱ በሌለበት ወገኖቹ አለቁ። በአዲሱ ግን ሐሳቡን ለመሰብሰብ ብቻ ወጣ ባለበት ማዕበል ያዘው። ጥፋቱ ሲቀልለት ጸጸቱም አብሮ ቀለለ። ከ2010ሩ ጋር ሲነጻጸር ግን ያለ ጥርጥር ይሻላል፤ ልጅዎ ከመጀመሪያው ክፍል አትነሣም ብዬ እገምታለሁ።

ጥያቄ፦ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተከራክረን ልንስማማ አልቻልንም። እሱ የ2019ኙ «ዘ ላየን ኪንግ» እውነተኛ እንስሳት ተቀርጸው የተሠራ ነው ይላል፤ እኔ ካርቱን ነው እላለሁ። ማናችን ልክ ነን? የድሮውን ባየሁ ቁጥር የማለቅስ ሰው፣ አዲሱን ሳይ ዐይኔ የደረቀውስ ለምንድን ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ክርክሩን አሸንፈዋል፤ ወንድምዎ ግን ቢታለል አይፈረድበትም። ዳይሬክተሩ ጆን ፋቭሮ ራሱ እንደገለጸው፣ በፊልሙ ውስጥ 1,490 ቀረጻ የሚመስሉ ምስሎች በኮምፒውተር የተፈጠሩ ሲሆኑ፣ በአፍሪካ ምድር በካሜራ የተነሣው አንድ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ የምናባዊ እውነታ መነጽር አጥልቀው፣ በኮምፒውተር በተሠራው ሜዳ ውስጥ እየተዘዋወሩ የካሜራውን አቀማመጥ ስለመረጡ ምስሉ የተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልም ይመስላል። ሸላሚዎቹም እንደ እናንተ ተለያይተዋል፤ ጎልደን ግሎብ ከአኒሜሽን ፊልሞች ጋር ሲያወዳድረው፣ ኦስካር በቪዥዋል ኢፌክት (በልዩ የምስል ቅንብር) ዘርፍ አጭቶታል።

የዐይንዎ መድረቅ ምክንያቱ ከዚሁ ጥራት ጋር የተያያዘ ነው። በ1994ቱ ፊልም ሠዓሊዎቹ ለአንበሳው የሰው ቅንድብ፣ የሰው ከንፈርና የሰው እንባ ሰጥተውታል። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄዶ የአንበሳን ፊት ያየ ሰው እንደሚያውቀው እውነተኛ አንበሳ አይስቅም፣ አያፍርም፣ አይጸጸትም፤ ቢያንስ በፊቱ አያሳይም። የ2019ኙ አዘጋጆች እውነተኛ እንስሳ የማያደርገውን ላለማድረግ ስለቆረጡ፣ ግልገሉ በአባቱ ሬሳ አጠገብ ሲሆን ድምፁ ያለቅሳል፤ ፊቱ ግን ብዙም አያዝንም። ዘፈኖቹም በዚሁ ተጎድተዋል። በድሮው ግልገሉ ንጉሥ ለመሆን እንደቸኮለ ሲዘፍን ዓለሙ ሁሉ ቀለሙን ይለውጣል፣ እንስሳቱ አንዱ ባንዱ ላይ ተቆልለው ማማ ይሆናሉ፤ በአዲሱ ግልገሎቹ በውኃ ዳር በእንስሳት መካከል ይሯሯጣሉ። ፊልሙ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማስገባቱን አልዘነጋሁም፤ ትኬቱን ያስቆረጠው ግን በአብዛኛው የድሮው ትዝታ ነው።

ይኸው ዳይሬክተር በ2016 በሠራው «ዘ ጃንግል ቡክ» ይህ ችግር ብዙም አይታይም። እዚያም ጫካው ሳይቀር ሎስ አንጀለስ ስቱዲዮ ውስጥ በኮምፒውተር የተፈጠረ ነው፤ ነገር ግን መሐሉ ላይ ኒል ሴቲ የተባለ እውነተኛ ልጅ አለ። ፍርሃቱንና ደስታውን የምናነብበት አንድ የሰው ፊት ስላገኘን፣ ድቡና ነብሩ ፊታቸውን ባያጨማድዱም ይበቃናል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ የ6 እና የ9 ዓመት ናቸው። ለክረምቱ ዕረፍት አብረን የምናያቸውን ፊልሞች እየመረጥኩ ነው። ካርቱኑን ላስቀድም ወይስ በሰው የተሠራውን? ከቅርብ ጊዜዎቹስ ደህና የሚባል አለ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ካርቱኑን ያስቀድሙ። አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው፤ በሥዕል ሲታይ ልጅ የሚችለው ነገር ሥጋና ደም ለብሶ ሲመጣ ሌላ ነገር ይሆናል። እርስዎ ባሉበት አገር የሚሰጡት የዕድሜ ደረጃዎችም ይህንኑ ይናገራሉ። የ1994ቱ የአንበሳ ፊልም ለሁሉም ዕድሜ የተፈቀደ ሲሆን፣ የ2019ኙ ግን ወላጅ ቢያማክር ይሻላል የሚለውን ደረጃ አግኝቷል። ከገርጂ የጻፉልን አባት ያነሡት ካርቱን ከ7 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የተመደበ ነው፤ የኔትፍሊክሱ ግን ከ14 ዓመት በታች ለሆኑት አይመከርም፤ ገና መክፈቻው ላይ ሰው በእሳት ሲቃጠል ያሳያል። ስለዚህ እሱ ለትልቁ ልጅዎም ይቆየው።

ከቅርቦቹ አንዱን ምረጥ ካሉኝ ስለ አንድ ልጅና ስለተወዳጀው ዘንዶ የሚተርከውን የ2025ቱን «ሃው ቱ ትሬን ዩር ድራጎን» እላለሁ። ያዘጋጀው የ2010ሩን ካርቱን ከሠሩት ሁለት ዳይሬክተሮች አንዱ ነው፤ የመንደሩ አለቃ የሆነውን አባት በድምፅ የተጫወተው ጄራርድ በትለርም በአካል ተመልሶበታል። ዋናው ብልሃቱ ግን ሌላ ነው። ጥቁሩን ዘንዶ እውነተኛ አውሬ ለማስመሰል አልደከሙበትም፤ ቆዳውን ብቻ አሻሽለው ትልልቅ አረንጓዴ ዐይኖቹንና ድመት መሰል ጠባዩን እንዳለ ተዉለት። ታሪኩንም መጭመቅ አላስፈለጋቸውም፤ የድሮው 98 ደቂቃ ሲሆን አዲሱ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ያልፋል። ትዕይንቶቹን አንድ በአንድ ገልብጧል፣ አዲስ ነገር የለውም የሚሉ ሐያስያን አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለ6 ዓመት ልጅ ግን ይህ ጉድለት አይመስለኝም።

ሁለቱን በተከታታይ ምሽት ካሳዩአቸው፣ ልጁ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ እጁን ሲዘረጋ ዘንዶው አፍንጫውን መዳፉ ላይ የሚያሳርፍበትን ቦታ እንዳያሳልፉት፤ ንግግር የሌለበት ትዕይንት ስለሆነ አማርኛም እንግሊዝኛም አይጠይቅም። በየትኛው እንደተደሰቱ ትንሹ ልጅዎ የሚነግርዎትን ቢጽፉልን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን።