ግራናዳን በእግር ለማየት ለጠየቅሽው እህቴ፦ ከሁሉም በፊት የአልሃምብራን ሰዓት ያዢ

እህቴ፣ «በሰኔ ከቤተሰቤ ጋር ስፔን፣ ግራናዳ እንሄዳለን። ሁለት ቀን ብቻ ነው ያለን። መሃል ከተማውን ያለ አስጎብኚ በእግር ማየት ይቻላል? ከየት እንጀምር?» ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብኩ። ብዙ ሰው «ይቻላል፣ ቀላል ነው» ብሎሻል። ልክ ናቸው። ግን ባለፈው ሰኔ እማዬን ይዤ ሄጄ የደረሰብኝ አንቺ ላይ እንዳይደርስ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

«ቤተሰቤ» ያልሽው መቼም እናትሽ ወይም አባትሽ አብረውሽ ቢኖሩ ነው። ከአገር ቤት በስንት የቪዛ ምልልስ የመጣች እናት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ደግሞም «ለእኔ ብለሽ ገንዘብ አታውጪ» የምትል። የእኔዋ እንደዚያ ናት። ስለዚህ የምጽፍልሽ በእሷ እርምጃ ልክ ነው።

1ኛ፦ የአልሃምብራን ትኬት ሳትይዢ ሆቴል እንኳ አትያዢ። አልሃምብራ ማለት ከከተማዋ በላይ ኮረብታው ላይ ያለው የድሮ የሙስሊም ነገሥታት ምሽግና ቤተ መንግሥት ነው። ስለ መሃል ከተማው ጠይቀሽኝ ስለ ኮረብታው የማወራሽ ያለ ምክንያት አይደለም። የሁለቱን ቀን ጉዞ የሚወስነው እሱ ነው። ኮረብታው ላይ ብዙ ነገር አለ። አልካሳባ የሚባለው ምሽግ አለ፣ ሄኔራሊፌ የሚባለው የነገሥታቱ የአትክልት ስፍራ አለ፣ የንጉሥ ካርሎስ 5ኛ ቤተ መንግሥትም አለ። ሰው ከዓለም ዳርቻ የሚመጣው ግን የናስሪድ ቤተ መንግሥቶችን ለማየት ነው፤ ናስሪድ የእነዚያ ሙስሊም ነገሥታት ሥርወ መንግሥት ስም ነው። እነሱ ጋ የሚገባው ትኬትሽ ላይ በተጻፈው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ብቻ ነው። ካለፈሽ አለፈሽ። አንዴ ከገባሽ ግን የሚያስወጣሽ የለም። ትኬቱ የተወሰነ ስለሆነ በሞቃቱ ወራት ቀደም ብሎ ያልቃል።

እኔ ምን አደረግኩ? ከሽቱትጋርት ልንነሳ አሥር ቀን ሲቀረን በስልኬ ፈለግኩና መጀመሪያ የመጣልኝን ድረ ገጽ ከፈትኩ። ስሙን አልጠራም። ፎቶው፣ ዓርማው፣ አጻጻፉ ሁሉ የመንግሥት ይመስላል። የመሃል ከተማ የእግር ጉብኝት ከአልሃምብራ ትኬት ጋር፣ ለሁለታችን 138 ዩሮ ከፈልኩ። ትኬቱ ላይ «ሃርዲኔስ» የሚል ቃል ነበር። እኔ የቦታው ስም መሰለኝ። ለካ በስፓኒሽ የአትክልት ስፍራዎች ማለት ነው። ያቺን አንዲት ቃል አለማወቄ ነው ያስከፈለኝ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የእግር ጉብኝቱ ነበር። ሠላሳ ያህል ሰው ነን። አስጎብኚው ዣንጥላ ከፍ አድርጎ ይሮጣል። እማዬ ደግሞ ቀስ ብላ ነው የምትሄደው። አልካይሴሪያ የሚባለው ጠባብ ገበያ ውስጥ ስንገባ ዣንጥላው ጠፋ። ደወልኩ፣ አላነሳም። ጉብኝቱ በዚያው አለቀ። ከሰዓት በኋላ በፀሐይ ኮረብታውን ወጣን። ከቤተ መንግሥቱ በር ስንደርስ ሰልፍ ይዘን ቆምን። በሩ ላይ ያለችው ልጅ ትኬቱን አየችና በትሕትና «ይሄ የውጪውን ብቻ ነው» አለችን። እሷ ምንም አላጠፋችም። እማዬ እዚያው ከካርሎስ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና «ልጄ፣ ውጪውን አየሁት እኮ፣ ይበቃኛል» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ የምታጽናናኝ እሷ መሆኗ ነው የቆረጠኝ።

ማታ ወደ ሻጮቹ ቢሮ ሄድን። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ትኬቱ ላይ ተጽፏል» አለ። ቢያንስ ጥሎን የጠፋውን የጉብኝቱን ብር መልስልኝ አልኩት። የእማዬን ፓስፖርትና የእኔን መኖሪያ ፈቃድ ጎን ለጎን አስቀመጠና «የቤተሰብ ስማችሁ አይገናኝም። ለእሷ የምትጠይቂው በምን መብት ነው? ውክልና አምጪ» አለኝ። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለ፣ እኔ በአባቴ እሷም በአባቷ እንደምንጠራ አስረዳሁት። ሳልጨርስ ከኋላዬ ያለውን ሰው «ቀጣይ!» ብሎ ጠራ። እማዬ ቋንቋውን ባትሰማም ፊቱን አይታለች። «ተይው፣ ነይ እንሂድ» አለችኝ። እናቴን እናትሽ አይደለችም ተብዬ አላውቅም ነበር። ብሩ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ስም ልንገርሽ፣ 2ኛው እሱ ነው። የአልሃምብራ ትኬት በስም ነው የሚቆረጠው። የእያንዳንዱ ሰው ስምና የመታወቂያ ወይም የፓስፖርት ቁጥር ይሞላል፣ በር ላይም ይታያል። ስፔኖች ሁለት የቤተሰብ ስም አላቸው፣ አንዱ ከአባት አንዱ ከእናት። ፎርሙም በእነሱ ልማድ የተሠራ ነው። አንቺ አትፈላሰፊ። ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈውን ፊደል በፊደል ቅጂ። የመኖሪያ ፈቃድሽን ቁጥር ከሞላሽ እሱን፣ ፓስፖርትሽን ከሞላሽ ፓስፖርቱን ያዢ። ፎቶ አንስተሽ በስልክ አትሂጂ፣ ዋናውን ነው የሚፈልጉት።

ያን ሌሊት እማዬ ተኝታ እኔ ትክክለኛውን የአልሃምብራን ድረ ገጽ ከፍቼ ቁጭ አልኩ። ሁሉ ቀን ቀይ ነው፣ አልቋል ማለት ነው። አድሳለሁ፣ አድሳለሁ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በማግሥቱ ለጠዋት 2፡30 ሁለት ቦታ ብቅ አለ። ሰው ሰርዞ ይሆናል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ሞላሁት። የከፈልኩት ለሻጮቹ ከከፈልኩት ግማሽ እንኳ አይሞላም። አንቺ ግን በዚህ ዓይነት ዕድል አትመኪ።

በማግሥቱ ሌላ ስህተት ልሠራ ነበር፣ ለዚህም ተጠንቀቂ። ትኬት በእጅሽ ካለ እስከ ላይኛው ዋና መግቢያ አትሂጂ። ከዚያ እስከ ናስሪድ ቤተ መንግሥቶች ረጅም መንገድ ነው፣ ብዙ ሰው ሰዓቱ የሚያልፈው እዚያ ላይ ነው። መሃል ከተማ ካለው አደባባይ፣ ከፕላሳ ኢሳቤል ላ ካቶሊካ፣ ሲ 30 የምትባለዋን ትንሿን አውቶቡስ ያዢና ሹፌሩን «ፑዌርታ ዴ ላ ሁስቲሲያ» በይው። የፍትሕ በር ማለት ነው። በ1348 የተሠራ ትልቅ በር ነው። በእሱ ከገባሽ ቤተ መንግሥቱ አጠገብሽ ነው። በእግር ከፕላሳ ኑዌባ የሚያስወጣው ኩዌስታ ዴ ጎሜሬስ ዳገቱ አይጣል ነው። ቁልቁል ግን በዛፎቹ ጥላ ሥር መውረድ ደስ ይላል። በአውቶቡስ ወጥተሽ በእግር ውረጂ።

የውስጡን ነገር ምን ብዬ ልንገርሽ? ግድግዳው ሁሉ እንደ ጥልፍ ነው። እማዬ «ይሄ የጥበብ ልብስ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም» አለች። በዓረብኛ የተጻፈው ጽሑፍ በየቦታው ይደጋገማል፣ «ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም» ማለት ነው፣ የነገሥታቱ መፈክር ነበር። የአምባሳደሮቹ አዳራሽ ጣሪያ ከ8 ሺህ በላይ ቁራጭ እንጨት ተገጣጥሞ የተሠራ ሰማይ ነው። 12ቱ አንበሶች ምንጩን የተሸከሙበት ግቢ ስንደርስ እማዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በመሐመድ 5ኛ ዘመን የተሠራ ነው። ዛሬም ውሃው ይፈስሳል።

3ኛ፦ አሁን ወደ ጥያቄሽ። መሃል ከተማውን ለማየት አስጎብኚ አያስፈልግሽም። እኛ በሁለተኛው ቀን ብቻችንን ነው ያየነው፣ ከመጀመሪያው ቀን አሥር እጥፍ ይሻላል። ከኮረብታው ወርደሽ ከፕላሳ ኢሳቤል ላ ካቶሊካ ጀምሪ። ንግሥት ኢሳቤልና ኮሎምቦስ ያሉበት ሐውልት አለ። ሁሉ ነገር የሚያያዘው በ1492 ነው። ጥር ላይ የመጨረሻው የሙስሊም ንጉሥ ቦአብዲል ከተማዋን አስረከበ። መጋቢት ላይ አይሁዶች ከስፔን እንዲወጡ የሚያዘው አዋጅ እዚሁ አልሃምብራ ውስጥ ተፈረመ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ የኮሎምቦስ ውል በቅርብ ባለችው በሳንታ ፌ ተፈረመ። በእኛ በዐፄ እስክንድር ዘመን መሆኑ ነው። ይሄን ካወቅሽ ቀሪውን ድንጋዩ ራሱ ይነግርሻል።

ከዚያ ሁለት እርምጃ ነው ኮራል ዴል ካርቦን። የ14ኛው ክፍለ ዘመን የነጋዴዎች ማረፊያና የእህል መጋዘን ነበር። መንገዱን ተሻግረሽ አልካይሴሪያ አለ። የድሮው የሐር ገበያ በ1843 ተቃጥሎ ነው አሁን ያለው የተሠራው፣ የሚሸጠውም አብዛኛው ለቱሪስት ነው። እዚያ ጊዜሽን አትጨርሺ። ወደ ካፒያ ሪያል ሂጂ።

ካፒያ ሪያል የንጉሣውያኑ መቃብር ነው። እዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጪው። ኢሳቤል በ1504፣ ባሏ ንጉሥ ፈርናንዶ በ1516 ሞቱ፤ በ1521 አጽማቸው ወደዚህ መጣ። ላይ በእብነ በረድ ተቀርጸው ተኝተዋል። ብዙ ሰው እሱን አይቶ ይወጣል። አንቺ ግን በጠባቡ ደረጃ ወደ ታች ውረጂ። አምስት ጥቁር የእርሳስ ሣጥኖች አሉ፣ ምንም ጌጥ የላቸውም። ከአምስቱ አንዱ የልጅ ልጃቸው የሚጌል ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው የሞተው። ቢያድግ ስፔንንም ፖርቱጋልንም ይወርስ ነበር። እማዬ ይሄን ስነግራት አማተበችና «ከዚያ ሁሉ ወርቅ ይቺ ሣጥን ብቻ» አለች። እሷም ልጅ ቀብራለች። ከዚያ ቶሎ መውጣት አልፈለገችም። ከቡድኑ ጋር ብንሆን ዣንጥላው አስር ደቂቃ አይሰጠንም ነበር።

ፊት ለፊቱ በ1349 በናስሪዱ ንጉሥ በዩሱፍ 1ኛ የተመሠረተው ማድራሳ፣ የእስልምና ትምህርት ቤት፣ አለ፣ አሁን የዩኒቨርሲቲው ነው። ካቴድራሉም እዚያው ነው። የዋናው መስጊድ ቦታ ላይ በ1523 ተጀምሮ በ1704 ነው ያለቀው። ውስጡ ነጭ ነው፣ በሙቀት ቀን ማረፊያ ይሆንሻል።

ካቴድራሉ አካባቢ ስትደርሺ ሴቶች አረንጓዴ ቅጠል ይሰጡሻል። እማዬ አሸተተችውና «እንዴ፣ የጥብስ ቅጠል!» ብላ በደስታ ተቀበለች። ስጦታ መስሏታል። ሴትየዋ ወዲያው እጇን ይዛ መዳፏን ማንበብ ጀመረች፣ ከዚያ ብር ጠየቀች። ጮኸችብን። 10 ዩሮ ሰጥቼ ተገላገልኩ። እናትሽን ከሆቴል ሳትወጡ ንገሪያት፣ ቅጠል እንዳትቀበል።

ምሳን በተመለከተ፦ ግራናዳ መጠጥ ስታዢ ታፓ የሚባል ትንሽ ምግብ በነፃ ይመጣል። ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አሳማ ነው። «ሲን ካርኔ»፣ ያለ ሥጋ፣ ብትያቸው እንኳ ሃሞኑን፣ የደረቀውን የአሳማ ሥጋ፣ እንደ ሥጋ አይቆጥሩትም። «ሲን ሃሞን» ብለሽ ጨምሪ። እኛ የሐዋርያት ጾም ላይ ስለነበርን ዳቦ በቲማቲምና በወይራ ዘይት፣ የተጠበሰ ደበርጃን በሸንኮራ አገዳ ሽሮፕ በልተናል። እማዬ ደበርጃኑን ሁለቴ አዘዘች። ከሰዓት በኋላ ትንንሾቹ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ሙቀቱም ያይላል። ያኔ ሆቴል ግቡና ተኙ።

አመሻሽ ላይ ከፕላሳ ኑዌባ ተነስታችሁ በዳሮ ወንዝ ዳር ቀስ እያላችሁ ሂዱ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ለጉልበት ተስማሚ። የ11ኛው ክፍለ ዘመን መታጠቢያ ቤት ባኙዌሎ እዚያው መንገድ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ አልሃምብራን ከሥር ቀና ብለሽ ታዪዋለሽ። ወደ ሳን ኒኮላስ አደባባይ ግን በእግር አታውጫት። አደባባዩ ያለበት የአልባይሲን የሚባለው የድሮ ሰፈር መንገድ የጠጠር ንጣፍ ነው፣ ያንሸራትታል፣ ዳገት ነው። በትንሿ አውቶቡስ ውጡ። ፀሐይ ስትገባ ቤተ መንግሥቱ ቀይ ይሆናል። ሰው ስለሚበዛ ቦርሳሽን ወደ ፊት አዙሪው።

እማዬ እዚያ ሆና ለታላቅ እህቴ በቪዲዮ ደወለች። «ውስጡን አይቼዋለሁ! ልጄ ሌሊቱን ሳትተኛ አስገባችኝ!» ትላለች። ስልኩን ወደ ኮረብታው ማዞር ረስታ ፊቷን ብቻ ታሳያለች።

እስቲ ዛሬውኑ ድረ ገጹን ከፍተሽ እይው። የናስሪድ ቤተ መንግሥቶች የሚለውና የመግቢያ ሰዓቱ ትኬቱ ላይ ከሌለ አትክፈዪ። የስም ሣጥኑ ላይ ግራ ከገባሽ ሳትከፍዪ በፊት በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ አብረን እንሞላዋለን።