«ጠያቂ የሚመለስበት ቤት ሆንን»

«ባለቤቴ ኳስ ተጫዋች ነበር። ከስምንት ወር በፊት ወደ አዘዞ ሲሄድ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ጭንቅላቱን ክፉኛ ተጎዳ። 19 ቀን ራሱን አላወቀም። አሁን ቤት ነው፤ ተደግፎ ይቀመጣል፣ ሁለት ሦስት ቃል ይናገራል፣ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም። ጠያቂ ቤቱን ሞልቶ ይውላል። አንዱ ሲያጎርሱት ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ በሬን ዘጋሁ፤ ስልክም አላነሳም። እናቱ ‘ልጄን ከሰው ለየሽው፣ ነገ ማን ይቀብረናል’ ብለው አኮረፉኝ። የመኪና እሽቅድድም ሻምፒዮኑ የሹማከር ሚስት ከአሥር ዓመት በላይ በሯን ዘግታ የለ? እኔ ምን አጠፋሁ?» — ከጎንደር

እህቴ፣ በሩን መዝጋትሽ ጥፋት አይደለም። ችግር ያመጣብሽ ከበሩ ጋር አፍሽንም መዝጋትሽ ነው። ገመና መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ ከሰው መቆራረጥ ሌላ።

ሹማከርን ካነሳሽ አይቀር፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው እንየው። ሰውዬው ታኅሣሥ 20 ቀን 2006 ዓ.ም. በፈረንሳይ ሜሪቤል በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ተላተመ። ግሬኖብል ያሉ ሐኪሞች በመድኃኒት አስተኝተው አቆዩት፤ ሰኔ ላይ ከኮማ መውጣቱ ተነገረ፤ አዲሱ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስዊዘርላንድ ወዳለው ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ስለ ጤናው ለሕዝብ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ግን ልብ በይ፦ ሹማከር ጤነኛ ሳለም ሚስቱንና ልጆቹን ከካሜራ የሚያርቅ ሰው ነበር። ሚስቱ የጠበቀችው የእሱኑ ልማድ ነው። ያንቺ ባለቤትስ? ከጨዋታ በኋላ ከፋሲለደስ ስታዲየም ከሕፃናት ጋር እየተጨዋወተ የሚወጣ ዓይነት ከነበረ፣ የተዘጋ በር ያንቺ ፍላጎት እንጂ የእሱ ላይሆን ይችላል።

ሌላም ልዩነት አለ። እነሱ አስታማሚ በደመወዝ ይቀጥራሉ፣ ጠበቃ ያቆማሉ። አንቺ ባልሽን የምታገላብጭው ጎረቤት ጠርተሽ ነው። ደግሞ ያ ሁሉ ጥንቃቄ እንኳ ሐሜቱን አላስቆመውም፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አንድ የጀርመን መጽሔት በኮምፒዩተር የተፈበረከ ንግግር «የሹማከር ቃለ ምልልስ» ብሎ አትሞ፣ በኋላ አሳታሚው ይቅርታ ጠየቀ፣ አዘጋጇንም አባረረ። ዝም ያለ ቤት ላይ ሰው የራሱን ወሬ ይሞላበታል።

አሁን ወደ ጠያቂው እንምጣ። በደብዳቤሽ ጫፍ ላይ እንደ ዋዛ የጻፍሽው ነገር ለእኔ ዋናው ነው፦ ሰው ሲበዛ መጀመሪያ በግራ እጁ ጋቢውን ይጎትታል፣ ቀጥሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ በመጨረሻ ሲኒ ይወረውራል። እናቱ ይህን «ጠባዩ ተበላሸ» ይሉታል። አይደለም። ጤነኛ አንጎል ከጫጫታ መካከል የሚፈልገውን ድምፅ መርጦ ሌላውን ይተወዋል፤ የተጎዳ አንጎል ይህን ማድረግ ይቸግረዋል። የሲኒው ኳኳታ፣ ቴሌቪዥኑ፣ «አይዞህ» የሚለው፣ የምታለቅሰው አክስት፣ ሁሉም እኩል ጮኸው ይደርሱታል። ሲኒው እስኪወረወር አትጠብቂ፤ ጋቢው ሲጎተት ጠያቂው ይነሳ።

የጥየቃውን ጊዜ በቡና ዙር አትቁጠሪው። እስከ በረካ የሚቀመጥ እንግዳ በዚህ ቤት አይኖርም፤ ቡናው ሳሎን ይፈላል፣ በሽተኛው ጋ የሚገባው ሁለት ሰው ነው፣ የሚቆየውም 10 ደቂቃ ያህል። ቀኑን ለምሳሌ እሑድና ረቡዕ፣ ሰዓቱን አርፎ ከተነሳ በኋላ አድርጊው። ስልክ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል፤ የደብሩ አለቃም ቢመጡ፣ የቡድኑ አሠልጣኝም ቢመጣ። አንዱን ለይተሽ ካሳለፍሽ ሕጉ በዚያው ቀን ፈረሰ። ይህን የምትናገሪው ግን አንቺ አትሁኚ፤ ምራት ስትናገረው ክልከላ ይሆናል። የእድሩ ሰብሳቢ ወይም የነፍስ አባታችሁ ይንገሩ። ቃሉ አጭር ይሁን፦ «ሐኪም ድካም ይጎዳዋል ብሏል፤ እሑድና ረቡዕ እንጠብቃችኋለን፤ ቤተሰቡ ጸሎታችሁን አይጠላም።»

ለሚደወለው ስልክም እንዲሁ። ከወንድሞቹ አንዱ በየሁለት ሳምንቱ አንድ መልእክት ለዘመድ፣ ለጓደኞቹና ለክለቡ ይላክ፦ «ይቀመጣል፣ ፊዚዮቴራፒ ቀጥሏል፣ ለውጡ ዝግ ያለ ነው።» ይህ ውሸት የለበትም፣ ገመናም አይገልጥም። ስለ ሽንት፣ ስለ ልብስ መቀየር፣ ስለ ሌሊቱ ለቅሶ ማንም መስማት የለበትም። «ኳስ መቼ ይመለሳል?» ለሚል ቀን አትስጡ። ከእንዲህ ያለ ጉዳት ፈጥኖ የሚታየው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው፤ ከዚያ ይዘገያል እንጂ አይቆምም፣ ዓመታት ሊቀጥልም ይችላል። ቀን የተቆረጠላት ተስፋ ቀኗ ሲያልፍ ቤቱን ሁሉ ታፈርሳለች።

ጉርሻ ላይ ጨካኝ ሁኚ። የመዋጥ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ እህሉ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሳንባ ምች በዚህ ሊመጣ ይችላል። ሁልጊዜም በሳል አይታወቅም፤ ድምፁ ከበላ በኋላ ውኃ እንደያዘ ከተንኮረኮረ ምልክት ነው። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ ወደ ላይ አይነሳ፣ በትንሽ ማንኪያ ይሰጠው፣ መዋጡ ሳይታይ ሌላ አይጨመር፣ ከበላ በኋላም 30 ደቂቃ ያህል አይተኛ። ቀጭን ውኃ ከወፍራም አጥሚት ይልቅ ሊያንቀው ይችላል፤ ይህን ሐኪሙ አይቶ ይወስን። እንግዳ የሚያጎርሰው አንድም ጉርሻ አይኑር።

እናቱ ጠበል ይፈልጋሉ ብለሻል። አትከልክያቸው፤ እንዲያውም የሳቸው ድርሻ ይሁን። ሁለት ነገር ብቻ ከካህኑ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ፦ ጠበሉ ይረጭ እንጂ አፉ ውስጥ በድንገት አይፈሰስ፤ የሚጥል በሽታን የሚከላከልለት መድኃኒት ደግሞ አንድም ቀን አይቋረጥ። ይህ መድኃኒት በድንገት ከቆመ፣ መቆሙ ራሱ ሊጥለው ይችላል። እኝህ ሴት የሚጮኹት ከልጃቸው አልጋ አጠገብ ሥራ ስላጡ ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ እጁን በቅባት ማሸት፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ መዘርጋት ፊዚዮቴራፒስቱ አሳይቶ ይስጣቸው።

ስለ ቪዲዮው፦ ለቃቂውን አስቀድመሽ በሽማግሌ አስጠይቂው፤ ብዙ ጊዜ ያነሱታል። እምቢ ካለ መተግበሪያው ላይ ሪፖርት አድርጊ፤ ሊንኩንና ቀኑን ግን ከመጥፋቱ በፊት አስቀምጪ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለታወቁ ሰዎች ልዩ ሁኔታ ስላስቀመጠ ሌላው ወገን «ዝነኛ ነው» ብሎ ይከራከር ይሆናል። መኝታ ቤት ውስጥ ሲያጎርሱት መቅረጽ ግን ስታዲየም ውስጥ እንደማንሳት አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26ም የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ጠበቃ የምታማክሪው ለዚህ ነው።

አንቺስ? ያገባሽው ሰው አልሞተም፣ ታለቅሺለት ዘንድ፤ አልዳነም፣ ትስቂለት ዘንድ። የዚህ ኀዘን ክፋቱ ተዝካር የለውም፤ ማንም «ነፍስ ይማር» አይልሽም። በሳምንት አንድ ከሰዓት ቤቱን ለወንድሙ ትተሽ ውጪ፤ ቁስቋምም ሂጂ፣ እህትሽ ጋም ሂጂ። በዚያ ቀን ስለ እሱ ካልተወራ በደል አይደለም። እንቅልፍሽ ጨርሶ ከጠፋ፣ ወይም «ምነው ባልነቃ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ አትፈሪ፤ ግን ለባለሙያ ንገሪ። እሱ ደግሞ ከወትሮው ይልቅ ከተኛ፣ ካስታወከ፣ ወይም ከጣለው ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጂው።

የቀረን የነገሩ ባለቤት፣ እሱ ራሱ ነው። አንቺም እናቱም በበሩ ስትጣሉ እሱን ማንም አልጠየቀውም። ጠዋት፣ ሳይደክም፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍተሽ ፊት ለፊቱ ተቀመጪ። «ጓደኞችህ ይግቡ?» በይው። አንድ ጥያቄ ብቻ። «አዎ» ከሆነ ዓይኑን አንዴ፣ «አይ» ከሆነ ሁለቴ ይጨፍን፣ ወይም የግራ አውራ ጣቱን ያንሳ። እስከ 10 ቁጠሪ፣ አትቸኩዪ፣ አትድገሚበት። ጥቂት ቆይተሽ ገልብጠሽ ጠይቂው፦ «ጓደኞችህ እንዳይገቡ ትፈልጋለህ?» ሁለቱ መልስ ካልተጣጣመ ለነገ ተዪው። ለሦስት ቀን ከተጣጣመ ግን መልሱ የእሱ ነው፤ «ይግቡ» ካለ፣ አንቺ ደክሞሽም ቢሆን፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይግቡ፣ ስልካቸውን ቅርጫቱ ውስጥ ጥለው።