ፕሬዲኬት እና ተሳቢ አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የሎጂክ ማስታወሻዬ ላይ «ፕሬዲኬት» የሚለውን «ተሳቢ» ብዬ ጻፍኩ። ስምንተኛ ክፍል ያለው ወንድሜ አይቶ «ተሳቢማ ‹ን› ያለበት ቃል ነው» አለኝ። ሒሳብ ላይ ደግሞ ፕሬዲኬት ሌላ ነገር ይመስላል። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ወንድምሽ ወደ ልኩ ይቀርባል። እሱም ግን አንድ ነገር ስቷል።

«አልማዝ ዳቦውን በላች» እንበል። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አልማዝ ናት፤ ማሰሪያ አንቀጹ «በላች» ነው። ተሳቢው «ዳቦውን» ነው፤ ግሱ ይስበዋላ። ከከባድ መኪና ኋላ የሚጎተተውንስ ተሳቢ እንለው የለ? «ን»ን ግን ብቻውን አትመኑት። «አልማዝ ዳቦ በላች» ውስጥ «ን» የለም፤ ዳቦ ግን ተሳቢ ነው። «ሌሊቱን አለቀሰች» ውስጥ ደግሞ «ን» አለ፤ ሌሊቱ ግን ያለቀሰችበት ጊዜ እንጂ ተሳቢ አይደለም።

ፕሬዲኬት የመጣው ከላቲን ነው። መነሻው ማወጅ፣ በይፋ መናገር ማለት ነው። በሰዋስው ስለ ባለቤቱ የተነገረው በሙሉ ፕሬዲኬት ይባላል። አልማዝ ምን ሆነች? «ዳቦውን በላች»። ተሳቢው የዚህ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። አንዳንዴም ጭራሽ አይኖርም፤ «ሶቅራጥስ ሟች ነው» ውስጥ የሚሳብ ነገር የታለ? ማስታወሻሽ ችግር የሚፈጥርብሽ እዚህ ላይ ነው።

ከአርስቶትል የመጣው የቆየው ሎጂክ ትንሽ ይለያል። «ሁሉም ሰዎች ሟቾች ናቸው» ሲባል ፕሬዲኬቱ «ሟቾች» ብቻ ነው። «ናቸው» ሁለቱን የሚያያይዝ ሆኖ ለብቻው ይቆጠራል። ለሰዋስው ሰው ግን «ሟቾች ናቸው» አንድ ላይ ነው የሚሄደው።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጎትሎብ ፍሬጌ በ1879 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ባለቤትና ፕሬዲኬት ብሎ መክፈሉን ተወው። ዓረፍተ ነገርን ባዶ ቦታ እንዳለው ነገር አየው። «___ ከ5 ይበልጣል» ፕሬዲኬት ነው። ብቻውን እውነትም ሐሰትም አይደለም። 7 ስታስገቢበት እውነት ይሆናል፤ 3 ስታስገቢበት ሐሰት። እውነት የሚያደርጉትን ቁጥሮች ብትሰበስቢያቸው ደግሞ አንድ ስብስብ ይወጣልሻል። ባዶ ቦታው ከአንድ ሊበልጥም ይችላል፤ «___ ከ___ ይበልጣል» ሁለት አለው።

እኔ ይህን ሐሳብ የምወደው የአማርኛ ግስ በራሱ ቅርጽ ስለሚያሳየው ነው። «በላ» ሁለት ቦታ አለው፦ በላተኛውና ምግቡ። «ተ» ጨምሪበት። «ዳቦው ተበላ»፤ በላተኛው ወጣ፣ አንድ ቦታ ቀረ። አሁን ደግሞ «አ» አድርጊበት። «አልማዝ ልጁን ዳቦ አበላች»፤ ቦታው ሦስት ሆነ፦ አልማዝ፣ ልጁና ዳቦው። በአንዲት ፊደል ቦታ ይቀነሳል፣ ይጨመራል። «ሰበረችው» ስትዪማ «እሷ»ም «እሱ»ም ቃሉ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። አንድ ቃል፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር!

ስለዚህ ማስታወሻሽ ላይ «ተሳቢ» ያልሽውን ሰርዘሽ «ፕሬዲኬት» ብለሽ ተዪው። ሎጂክን ሎጂክ ብለን የለ? «ተሳቢ»ን ለሰዋስው እናቆየው፤ ሥራ አለው።

ለወንድምሽ ደግሞ «ሸጠ»ን ስጪውና ስንት ቦታ እንዳለው ጠይቂው። ሻጩና ዕቃው ግልጽ ናቸው። ገዢው ግን በ«ለ» ስለሚመጣ ያከራክራል። እኔ ቦታ አለው ባይ ነኝ፤ ያለ ገዢ ሽያጭ የለማ።