አንድ ኮድ ለስልክም ለኮምፒውተርም፦ ጥያቄና መልስ

እኔና ባልደረባዬ የሱቅ ሽያጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር እንሠራለን። ባለሱቁ ቤቱ ሆኖ በአንድሮይድ ስልኩ ያያል፤ ካሸሯ ሱቅ ውስጥ በዊንዶውስ ትመዘግባለች። ኮዱን እንዴት እንደምናጋራ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ ለየብቻ መጻፉ አይቀልም? ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ነው እኮ።

መልስ፦ የመጀመሪያው ሳምንት ይቀላል። እኛም እንደዚያ ነበር የጀመርነው፤ የስልኩን እኔ ጻፍኩ፣ የዊንዶውሱን እሱ። ከዚያ ጳጉሜ 2015 መጣ። ሰኞ ጠዋት አንዲት ደንበኛችን ደወሉ። «ልጄ፣ ስልኩ ጳጉሜ 6 ይላል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ አዲስ ዓመት ገብቷል ይላል። የቱን ልመን?» አሉኝ።

ትክክለኛው ስልኩ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። 2015 ደግሞ 3 ይተርፈዋል። ባልደረባዬ ከፈረንጆቹ አቆጣጠር በለመደው ልማድ «ምንም ካልተረፈ» ብሎ ጽፎታል። አንድ መስመር ናት። ግን የዚያን ጠዋት ሽያጭ በሙሉ ወደ 2016 ከታዋለች። ማታውን ሁለቱንም ፋይል ጥለን አንድ ጻፍን። ቴስት (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ኮድ) ጨመርንበት፦ መስከረም 1 ቀን 2016 ከፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ጋር መግጠም አለበት። ኮፒ የተደረገ ኮድ ሲበላሽ አንድ ቦታ ታርመዋለህ፤ ሌላው ቦታ እንደተበላሸ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የትኛው ይጋራል፣ የትኛው ይለያል?

መልስ፦ እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ኮድ ስክሪን ሳያይ፣ ፋይል ሳይከፍት፣ ካሜራ ሳይነካ መሥራት ይችላል? ከቻለ የጋራ ነው። የቀን ስሌት፣ የዋጋና የታክስ ስሌት፣ ኢንተርኔት ሲመለስ የማን መረጃ ይቅደም የሚለው ሕግ፣ ሁሉም የጋራ ናቸው። የአማርኛ ፍለጋም እንደዚሁ። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ የመዘገበውን ዕቃ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልግ መገኘት አለበት። ሀን፣ ሐን፣ ኀን፣ እንዲሁም ጸንና ፀን አንድ አድርጎ የሚያየው ኮድ ሁለት ቦታ ከተጻፈ፣ ስልኩ ያገኘውን ዕቃ ኮምፒውተሩ የለም ይላል።

ጥያቄ፦ ኮዴ ሁሉ «አንድሮይድ ከሆነ ይህን፣ ዊንዶውስ ከሆነ ያን» ሆኗል። ችግር አለው?

መልስ፦ ሁለት ሦስት ቦታ ከሆነ ግድ የለም። ሠላሳ ቦታ ከተበተነ ግን አንዱን ስትነካ ሌላው ይፈርሳል። ልዩነቱን ወደ ዳር ግፋው።

ባርኮድን እንውሰድ። ስልኩ በካሜራ ያነባል። ሱቅ ያለው የዩኤስቢ ማንበቢያ ግን ለኮምፒውተሩ ኪቦርድ መስሎ ነው የሚታየው፤ ቁጥሩን ይተይብና ብዙውን ጊዜ ራሱ ኢንተር ይመታል። አነባበባቸው የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። የጋራው ኮድ ግን ይህን ማወቅ የለበትም። የሚቀበለው 13 አሃዝ ብቻ ነው። 12ቱን ከግራ ጀምሮ በ1 እና በ3 እያፈራረቀ ያባዛል፣ ይደምራል፤ 13ኛው አሃዝ ድምሩን ወደሚቀጥለው የ10 ብዜት ካልሞላው ንባቡ ስህተት ነው ይላል።

ኮትሊን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዚህ ኤክስፔክትና አክችዋል የሚባሉ ቃላት አሉ። የጋራው ክፍል «ይህ ሥራ ይኖራል» ብሎ ያውጃል፣ እያንዳንዱ ፕላትፎርም (አንድሮይዱም ዊንዶውሱም) በራሱ መንገድ ይሞላዋል። አንዱን ከረሳህ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደሚሠራ አፕ የሚለውጠው ፕሮግራም) አያሳልፍህም። የፍላተር ቋንቋ በሆነው ዳርት ላይ አብስትራክት ክላስ፣ ማለትም ሥራውን አውጆ አሠራሩን ለሌላ የሚተው ክላስ፣ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ ፍላተር ወይስ ኮትሊን መልቲፕላትፎርም?

መልስ፦ ሁለቱም አንድ ኮድ ለብዙ ፕላትፎርም መጻፊያ መሣሪያዎች ናቸው። ከዜሮ የምትጀምሩና ቡድናችሁ ትንሽ ከሆነ ፍላተር። ለዊንዶውስ በፌብሩዋሪ 2022፣ ለማክና ለሊኑክስ በሜይ 2022 እ.ኤ.አ. ስቴብል ሆኗል፤ ማለትም ከሙከራ ወጥቷል። ገጽታውም ጭምር ይጋራል። በኮትሊን የተጻፈ አንድሮይድ አፕ አስቀድሞ ካላችሁ ግን አትጣሉት። ኮትሊን መልቲፕላትፎርም ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ስቴብል ነው፤ ስሌቱን ቀስ በቀስ ወደ ጋራ ክፍል ማዞር ይቻላል። ዛማሪን በሚባለው የቆየ የማይክሮሶፍት መሣሪያ የቀራችሁ ካላችሁ በቶሎ ውጡ። ድጋፉ ሜይ 2024 ላይ አልቋል።

ጥያቄ፦ የፍላተር አፔ ስልክ ላይ ይሠራል። ዊንዶውስ ላይ ዳታቤዙ ጋ ሲደርስ ይወድቃል።

መልስ፦ ኤስኪውፍላይት የሚባለውን የፍላተር ዳታቤዝ ፓኬጅ (ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ) ነው የምትጠቀመው አይደል? እሱ ብቻውን ዊንዶውስንና ሊኑክስን አይደግፍም። ኤስኪውፍላይት ኮመን ኤፍኤፍአይ የሚባለውን ጨምርና አፑ ሲነሳ ዳታቤዝ ፋብሪካውን፣ ማለትም ዳታቤዙን የሚከፍተውን ክፍል፣ በእሱ ተካ። ቀሪው ኮድህ እንዳለ ይቀጥላል። ወደፊት ፓኬጅ ከመምረጥህ በፊት የሚደግፋቸውን ፕላትፎርሞች ተመልከት። እኔ ይህን ሳላደርግ ሁለት ሳምንት አቃጥያለሁ።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ላይ የሚታየው ሎጎ ስልክ ላይ ጠፋ።

መልስ፦ የፋይሉን ስም እይ። በትልቅ ፊደል ተጀምሮ ኮዱ ላይ በትንሽ ተጽፎ ይሆናል። ዊንዶውስ አይለይም፣ አንድሮይድ ይለያል። ሁሉንም በትንሽ ፊደል ጻፉ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሪፖ ወይስ አንድ?

መልስ፦ አንድ። ሁሉም ኮድ በአንድ ማስቀመጫ ይሁን፤ የጋራውን ስትቀይር ሁለቱም አፖች እዚያው ቢልድ ሆነው (ከኮዱ ተሠርተው) ስህተቱ ወዲያው ይታይ።

ጥያቄ፦ አንድ ስክሪን ለሁለቱም ይበቃል?

መልስ፦ እዚህ ላይ አትሰስቱ። እኛ መጀመሪያ የስልኩን ስክሪን ዘርግተን ዊንዶውስ ላይ አስቀመጥን። ከዚያ አንዲት ካሸር አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ግራ እጇ ዕቃ ይገፋል፣ ቀኝ እጇ ቁጥር ይመታል፣ ዓይኗ ደንበኛው ላይ ነው። የእኛ አፕ ግን በየሽያጩ ማውስ እያስያዘ «እሺ» የሚለውን ቁልፍ ያስጫናታል። ወረፋው በር ላይ ደርሶ ነበር። አሁን የዊንዶውሱ የሽያጭ ገጽ ለብቻው ነው፤ ከመጀመሪያው ባርኮድ እስከ ደረሰኙ በኪቦርድ ብቻ ያልቃል። ከሥሩ ያለው ስሌት ስልኩ ላይ ያለው ራሱ ነው።