ተአምርን የሚያምን ሰው የተባለውን ሁሉ ማመን አለበትን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ «አልዓዛር ከመቃብር ተነሣ ብለሽ ካመንሽ ለአንቺ የማይሆን ነገር የለም ማለት ነው፤ ስለዚህ በስልክ የሚላክልሽን የተአምር ወሬ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አትችይም» አለኝ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ለረጅም ጊዜ የስኳር ሕመም ያለባቸው ጎረቤታችን የሚወጉትን ኢንሱሊን ትተው በጸበል ብቻ ሊቆዩ መወሰናቸውን ነገሩኝ። ስከለክላቸው «ለእግዚአብሔር ምን ይሳነዋል? አንቺ አታምኚምን?» አሉኝ። ለሁለቱም መልስ አጣሁ። ተአምርን ማመን ማለት ምንም ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ ማመን ነውን?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ አይደለም። ባልደረባሽና ጎረቤትሽ እጅግ የተራራቁ ቢመስሉም የቆሙት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው። እርሱ እምነትሽን ለመንቀፍ፣ እርሳቸው ደግሞ እምነታቸውን ለማጽናት፣ «እግዚአብሔር ሁሉን ይችላል» የሚለውን ቃል «ምንም ነገር በማንኛውም ጊዜ ሊሆን ይችላል» ወደሚል ሐሳብ ለውጠውታል። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን እንዲህ አያስተምሩም።

አስቀድመሽ በመጽሐፍ ቅዱስ ተአምርን ያዩ ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ ተመልከቺ። ጻድቁ ዮሴፍ እመቤታችን ፀንሳ ባገኛት ጊዜ በስውር ሊተዋት ያሰበው ልጅ እንዴት እንደሚፀነስ ስለሚያውቅ ነው፤ ሐሳቡንም የለወጠው መልአኩ ከነገረው በኋላ ነው። ማርታ በወንድሟ መቃብር ፊት «ጌታ ሆይ፥ ከሞተ አራት ቀን ሆኖታልና አሁን ይሸታል» ስትል የሞተ ሰው እንደሚፈርስ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር። ዕውር ሆኖ የተወለደውም ሰው ዓይኑ ከበራለት በኋላ፣ እንዲህ ያለ ነገር ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ ተሰምቶ እንደማያውቅ ለፈሪሳውያን መስክሯል። እነዚህ ሁሉ የፍጥረትን ሥርዓት ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ምንም ነገር ሊሆን በሚችልበት ዓለም ውስጥ ቢኖሩ ኖሮ የአልዓዛር መነሣት ባላስደነቃቸው፣ ምልክትም ባልሆነላቸው ነበር። ስለዚህ ለባልደረባሽ፣ ተአምርን የሚያምን ሰው የተፈጥሮን ሥርዓት የካደ ሳይሆን አጥብቆ የተቀበለ መሆኑን ንገሪው።

ይህንንም ሥርዓት የሠራው ያው ተአምር የሚያደርገው አምላክ ነው። ከጥፋት ውኃ በኋላ በምድር ዘመን ሁሉ መዝራትና ማጨድ፣ ብርድና ሙቀት፣ በጋና ክረምት፣ ቀንና ሌሊት እንደማያቋርጡ ቃል ገብቷል። ገበሬው በሰኔ ዘሩን በምድር ላይ የሚበትነው፣ ሐኪሙም መድኃኒቱን መዝኖ የሚያዝዘው፣ ዐወቁትም አላወቁት፣ በዚህ ቃል ኪዳን ላይ ተደግፈው ነው። የነገሮችን የዘወትር ጠባይ አምኖ መኖር የእምነት ማነስ የሚመስላቸው ምእመናን አሉ፤ እኔ ግን ለፈጣሪ ታማኝነት የሚቀርብ ክብር እንደሆነ አምናለሁ።

«ሁሉ ይቻላል» የተባለውም ለማን እንደሆነ እንመልከት። ጌታችን «ይህ በሰው ዘንድ አይቻልም፥ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን ሁሉ ይቻላል» ያለው ደቀ መዛሙርቱ፣ ባለጠጋ ወደ መንግሥተ ሰማያት መግባቱ ጭንቅ እንደሆነ ሰምተው፣ «እንኪያስ ማን ሊድን ይችላል?» ብለው በጠየቁት ጊዜ ነው። የሚቻለው ሁሉ የሚቻለው በእግዚአብሔር ዘንድ ነው፤ እግዚአብሔር ደግሞ ጠባዩ የማይታወቅ ኃይል አይደለም። ሐዋርያው ስለ እርሱ «ራሱን ሊክድ አይችልምና» ብሎ ጽፏል፤ በዕብራውያን መልእክትም እግዚአብሔር ሊዋሽ እንደማይቻል ተነግሯል። ይህ የኃይል ጉድለት አይደለም፤ መዋሸትና ቃልን ማጠፍ የድካም ሥራዎች ናቸውና። አባትሽ ለአንቺ ሲል የማያደርገው ነገር እንደሌለ ታውቂያለሽ እንበል፤ አንድ ሰው መጥቶ «አባትሽ ከድኻ ቀማ» ቢልሽ፣ «አባቴ የማያደርገው ነገር ስለሌለ ይህንም አድርጎ ይሆናል» አትዪም። አባትሽን ማወቅሽ የምታምኚውን ወሬ ይመርጥልሻል። እግዚአብሔርንም የሚያውቅ ሰው ስለ እርሱ የተወራውን ሁሉ አይቀበልም።

ስለዚህም መጽሐፍ ተአምር እንድንመረምር ያዝዘናል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 13 የተጻፈውን አንብቢ፤ አንድ ነቢይ ወይም ሕልም አላሚ ምልክት ቢሰጥ፣ የተናገረውም ምልክት ቢፈጸም፣ ነገር ግን ሌሎች አማልክትን እናምልክ ቢል እንዳይሰሙት ሕዝቡ ታዘዋል። ምልክቱ እውነት ሆኖ ሳለ ሰውየው የሚጣልበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ጌታችንም ሐሰተኞች ነቢያት ታላላቅ ምልክቶችን እንደሚያሳዩ አስጠንቅቋል፤ ቅዱስ ዮሐንስም መንፈስን ሁሉ እንዳናምን፣ ከእግዚአብሔር መሆኑን እንድንመረምር ጽፏል።

በስልክሽ ስለሚደርስሽ ወሬ ይህን ጠይቂ፦ የተፈወሰው ሰው ማን ነው? ማን ያውቀዋል? ከመፈወሱ በፊት ምን ነበር? ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ጎረቤቶቹ ያውቁት ነበር፤ ወላጆቹም ተጠርተው ልጃቸው መሆኑንና ዕውር ሆኖ መወለዱን መስክረዋል። መርማሪዎቹ ልባቸው ክፉ ነበር፤ ምርመራው ግን ተአምሩን አልጎዳውም፣ እንዲያውም ይበልጥ ገለጠው። ቀጥሎ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቂ። ነቢዩ ኤልሳዕ ሶርያዊውን ንዕማንን ከለምጽ ባነጻው ጊዜ ያመጣለትን ስጦታ አልቀበልም አለ፤ ሎሌው ግያዝ ግን ከኋላው ሮጦ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት መለወጫ ልብስ ተቀበለ፣ የንዕማንም ለምጽ በእርሱ ላይ ተጣበቀ። «ይህን መልእክት ለዐሥር ሰው ካልላክሽ መቅሠፍት ይደርስብሻል» የሚለውን ግን መመርመር እንኳ አያስፈልግሽም፤ ሰውን በማስፈራራት ወሬ የሚያስዞረው ቅዱሳን የሚያመልኩት አምላክ አይደለምና ሳታመነቺ አጥፊው።

አሁን ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ወደ ጎረቤትሽ ልምጣ። እግዚአብሔር ይችላል ማለትና እኔ በመረጥሁት ቀንና መንገድ ያደርገዋል ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን የምናስባቸው ሠለስቱ ደቂቅ በናቡከደነፆር ፊት ቆመው አምላካቸው ከሚነድደው እሳት ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ወዲያውም፣ ባያድነን እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉ። ሁለቱን ቃላት በአንድ አፍ መናገራቸው እምነታቸው ፍጹም መሆኑን ያሳያል። ወደ እቶኑም የገቡት ተጥለው እንጂ ራሳቸው ዘልለው አይደለም። ዲያብሎስ ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በጠየቀው ጊዜ የጠቀሰው የመዝሙረ ዳዊት ቃል እውነተኛ ቃል ነበር፤ መልሱ ግን «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» የሚል ሆነ። ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ሰው ጤናው ሳይመረመር መርፌውን ቢጥል፣ ከመቅደሱ ጫፍ እንደመዝለል ያለ ፈተና ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ድውያንን የፈወሰ፣ ሙት ያስነሣ ሐዋርያ ነው። እርሱ ራሱ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ፤ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተወው፤ ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱና ስለ ተደጋጋሚ ሕመሙ ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲጠጣ መከረው። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምራል። በዚሁ በከተማችን በእንጦጦ ጸበል ብዙ ሕሙማን የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ በነበረበት ዘመን፣ በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ሊወሰዱ እንደሚገባ በይፋ አስተምረዋል።

ስለዚህ ጎረቤትሽን ጸበል አትከልክያቸው፤ አብረሻቸው ሂጂ። ነገር ግን በባዶ ሆድ ጸበል ሲጠጡና ሲጾሙ የሚወጉት ኢንሱሊን የደም ስኳራቸውን ከልክ በላይ ዝቅ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ከመጀመራቸው በፊት ለሐኪማቸው ነግረው መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክሉ። መድኃኒት መውሰድ ጾም ያፈርሳል ብለው ከሆነ የፈሩት፣ ሕመምተኛ ከጾም ሕግ የሚፈታበት ሥርዓት አለና የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። ካህኑ ዘንድ ብቻቸውን መሄድ ከከበዳቸው አንቺ ውሰጃቸው፤ ድኛለሁ የሚሉም ከሆነ፣ ጌታችን ያነጻውን ለምጻም ራሱን ለካህን እንዲያሳይ እንዳዘዘው፣ እርሳቸውም አስቀድመው ተመርምረው ውጤቱን ይያዙ።