ከመሐላው በፊትና በኋላ

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዜግነት ኢንተርቪው አልፌ የመሐላ ቀጠሮ እየጠበቅሁ ነው። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ አስቤያለሁ። በግሪን ካርድ ሳለሁ ለባለቤቴ ያስገባሁት ፔቲሽን (ቤተሰብ የማምጫ ማመልከቻ) ደግሞ ገና አላለቀም፤ የ9 ዓመት ልጃችንም እዚያው ፔቲሽን ውስጥ አለ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ትኬቱን ገና አይቁረጡ። በመሐላው ዕለት ግሪን ካርድዎን ያስረክባሉ፤ ዜጋ ደግሞ ከአሜሪካ የሚወጣውም የሚገባውም በአሜሪካ ፓስፖርት ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርትም መሄድ አይቻልም፦ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። ስለዚህ ቪዛ ወይም ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያስፈልግዎታል።

በመሐላው ዕለት የዜግነት ሰርተፊኬቱን ሲቀበሉ ከአዳራሹ ሳይወጡ ስምዎንና የልደት ቀንዎን ፊደል በፊደል ያንብቡ። በእኛ ሰው ሰነድ ላይ የአባትና የአያት ስም ይምታታል፤ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ዓመቱም ይሳሳታል። ስህተት ካዩ እዚያው ለሠራተኞቹ ይንገሩ፤ ቤት ከገቡ በኋላ ማሳረም ረጅም ጣጣ ነው። ለፓስፖርት ዲኤስ-11 ፎርም ሞልተው፣ ግን ሳይፈርሙ፣ ከዋናው ሰርተፊኬትና ከኮፒው ጋር በአካል ያቅርቡ፤ የሚፈርሙት ማመልከቻውን በሚቀበለው ሠራተኛ ፊት ነው። ሰርተፊኬቱ በሌላ ፖስታ ስለሚመለስ ፓስፖርቱ ብቻውን ቢደርስ አይደንግጡ።

ዋናው ወጥመድ ፔቲሽኑ ላይ ነው። ዜጋ ሲሆኑ ባለቤትዎ የኮታ ወረፋ ወደሌለበት ምድብ ትዛወራለች፤ በዚያ ምድብ ግን ልጅ በእናቱ ፋይል አይጓዝም። ለልጁ ለብቻው አይ-130 (የፔቲሽኑን ፎርም) ያስገቡ፣ የሰርተፊኬቱን ኮፒም ጉዳዩን ለያዘው ክፍል ይላኩ። ይህ ከተዘነጋ እናት ቪዛ አግኝታ ልጅ ይቀራል። ልጁ 18 ሳይሞላው በኢሚግራንት ቪዛ ገብቶ ከእርስዎ ጋር ከኖረ ግን ያለ ፈተናና ያለ መሐላ ዜጋ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ኢንተርቪውን ካለፍኩ ለምርጫ መመዝገብ እችላለሁ?

መልስ፦ በፍጹም። እስኪምሉ ድረስ ዜጋ አይደሉም። መንጃ ፈቃድ ሲያሳድሱ በሚቀርብልዎት የምርጫ ምዝገባ «ዜጋ ነኝ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ የዜግነት ማመልከቻዎን ሊያበላሽ፣ እስከ መባረርም ሊያደርስ ይችላል። ከማሉ በኋላ ይመዝገቡ። የጁሪ ጥሪ (በፍርድ ቤት ከዜጎች ተመርጦ ፍርድ ለመስጠት የሚደረግ ጥሪ) ከመጣ ደግሞ አይጣሉት፤ እንግሊዝኛዎ የማይበቃ ከሆነ መጠይቁ ላይ ይህንኑ ጽፈው ይመልሱ።