ለ«ጭንቀቴ ልጄን ይጎዳው ይሆን?» ጥያቄ

እህቴ፣ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነሽ፤ ባለቤትሽ ሥራ ካቆመ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎሻል፤ ፍርሃትሽ ደግሞ ለፅንሱ ነው። አንድ ቀን ማልቀስ፣ ከሰው መጋጨት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ መናደድ ልጅ አይጎዳም። ሲጨንቅሽ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ደምሽ ውስጥ ይጨምራል፤ የእንግዴ ልጁ ግን አብዛኛውን ኮርቲሶል ጉልበት ወደሌለው ኮርቲዞን የሚቀይር ኢንዛይም አለው። የሚያሰጋው ጭንቀቱ በርትቶ ለሳምንታት ሲከርም ነው፤ ያኔ ይህ መከላከያ ሊዳከም ይችላል።

እ.ኤ.አ. በጥር 1998 ካናዳ ኩቤክ ላይ የጣለው የበረዶ ዝናብ መብራት አጥፍቶ አንዳንዱን ቤት ከወር በላይ በጨለማ አስቀርቷል። ያኔ እርጉዝ ከነበሩት ውስጥ ክፉኛ የተቸገሩት የወለዷቸው ልጆች በ2 ዓመታቸው ብዙም ካልተቸገሩት ልጆች በቋንቋ ዝቅ ብለው ታይተዋል። ይህ ግን አማካይ ነው፤ የአንቺ ልጅ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን እዚሁ አገራችን ቡታጅራ ላይ የተደረገው ጥናት ነው። ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትለው፣ የጭንቀትና የድብርት ምልክት የበዛባቸው ምጣቸው ሲረዝምና ጡት ማስጀመር ሲዘገይባቸው አገኙ። ሁለቱም አስቀድሞ ሊታሰብባቸው የሚችሉ ናቸው፤ የምትወልጂበትን ጤና ተቋምና ማታ የሚያደርስሽን መኪና ከአሁኑ ወስኚ።

ጭንቀት በጓሮ በርም ይገባል፦ ምግብ ይዘጋል፣ ክትትል ያስቀራል፣ የብረት ኪኒኑን ያስረሳል። ምግብ አልወርድ ካለሽ በየ3 ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ቅመሺ። የቡናው ወግ ይቅርብሽ አልልም፣ ጨዋታው ራሱ መድኃኒት ነው፤ ከምሳ በኋላ ግን ስኒውን እለፊው፤ በረካም ቢሆን ቡና ነው። ማታ በጎንሽ ተኝተሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ አየር ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ፤ 5 ደቂቃ ይበቃል። ችግሩን አያነሳልሽም፣ የልብ ምትሽን ግን ያበርደዋል።

አብዛኛውን ቀን መከፋቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ምንም አለማስደሰቱ 2 ሳምንት ካለፈው ለአዋላጇ ራስሽ አንሺው። ግፊትና ክብደት ለክታ «ደህና ነሽ» ብላ ልትሸኝሽ ትችላለች፤ ካልነገርሻት አታውቅም። የጭንቀት ወይም የድብርት መድኃኒት እየወሰድሽ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሪ በራስሽ አታቁሚ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ እንደወትሮው ካልሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያንኑ ቀን ሂጂ።

ቤተሰብም «አይዞሽ፣ አትጨነቂ» ብሎ ከሚቀመጥ ውሃውን ይቅዳ፣ ልብሱን ይጠብ።

ለወሊድ ስትገቢ ደግሞ «ልጁ እንደተወለደ ደረቴ ላይ አድርጉልኝ፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት አስጀምሩኝ» ብለሽ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ምጥ ከረዘመ ይህን የሚያስታውስ ሰው አይገኝምና አብሮሽ ለሚሆነውም ንገሪው።